በግርጌ የተጻፈው ስም

ሚዛን ተፈሪ ላይ ወረቀት ዕድሜ የለውም። ዝናቡ አብዛኛውን የዓመቱን ወር ከተማዋን አይለቃትም፤ በጋ በሚባለው ወርም ቢሆን ጉሙ ማለዳ ከኮረብታው ወርዶ በበር በመስኮቱ ይገባል። ደብተር ይሻግታል፣ የሠርግ ፎቶግራፍ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ የቤት ካርታም በፌስታል ካልታሰረ ፊደሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ወረቀት ማቆየት የፈለገ ሰው የሚያስቀምጠው ለዘር የመረጠውን በቆሎ በሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፤ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ።

ጡረታ የወጡ አንድ መምህር የጋዜጣ ጥቅላቸውን ያወረዱልኝ ከዚያ ነው። ጋዜጦቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልለው በሲባጎ ታስረዋል። ጭሱ አጠይሟቸዋል። ሲገለጡ የእንጨትና የቡና ሽታ አላቸው።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አቆዩት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ከደመወዜ ከፍዬ የገዛሁት ነው። ደግሞ የተጻፈውን አልተጻፈም የሚል አይጠፋም።»

አንዱን አንስተው ገለበጡት። የፊት ገጹን ትልቅ ርዕስ አላሳዩኝም። ጣታቸውን ያሳረፉት ያለ መነጽር የማይነበበው ትንሽ ፊደል ላይ ነው፤ አሳታሚ፣ ዋና አዘጋጅ፣ ማተሚያ ቤት፣ የፖስታ ሳጥን ቁጥር የሚለው ላይ። «ሰው የሚያነበው ላይኛውን ነው፤ ሲመጡ የሚፈልጉት ግን ይኼኛውን ነው» አሉኝ።

ግርጌው ላይ የተጻፈው የአሳታሚው ስም «ሰርካለም» የሚል ነበር።

ከአራት ኪሎ እስከ አማን

ከአዲስ አበባ ሚዛን ተፈሪ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ጅማን አልፎ፣ ቦንጋን ረግጦ፣ የውሽውሽን የሻይ ማሳ በጎን ትቶ ወደ ቡናው ጫካ ይገባል። የግል ጋዜጣ በደራበት ዘመን አራት ኪሎ አጠገብ ካለው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የወጣ ጋዜጣ እዚህ የሚደርሰው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነበር። መንገዱ አስፋልት ሳይለብስ ጉዞው ከአንድ ቀን ያልፋል፤ ክረምት ላይ ጭቃ ከያዘ ደግሞ የሚደርስበትን ቀን የሚያውቅ የለም። የቅዳሜው ጋዜጣ ሰኞ ከደረሰ ደህና ነው።

ሲደርስም አንዱ ቅጂ የአንድ ሰው አይሆንም። የገዛው ሰው አንብቦ ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ ጎረቤቱ ለጤና ረዳቱ፣ ጤና ረዳቱ ወደ በበቃ ቡና እርሻ ለሚሄደው ሾፌር። ማንበብ የማይችለው ደግሞ ሲነበብ ይሰማል። አንድ ቡና ቤት ውስጥ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌላው ስኒውን ይዞ ጸጥ የሚልበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም በከተማዋ አሉ። አዲስ አበባም ቢሆን ጋዜጣን በሳንቲም ተከራይቶ፣ እዚያው ቆሞ አንብቦ መመለስ የተለመደ ነበር። ስለዚህ የታተመው ቅጂ ቁጥር የአንባቢውን ቁጥር አይናገርም።

ምን ይፈልጉ ነበር? ፖለቲካውን፣ እርግጥ ነው። የቡና አገር ሰው ግን ከፖለቲካው ጎን ሌላ ጥያቄ አለው፤ ዋጋው ስንት ገባ? የምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሳይጀምር በፊት የአዲስ አበባውን ዋጋ ቀድሞ የሚያውቀው ሰብሳቢው ነበር፤ ገበሬው የሚሰማው ሰብሳቢው የነገረውን ነው። ዛሬ ሥራውን የተዉ አንድ የቀድሞ ሰብሳቢ ይህን ሳይደብቁ ይናገራሉ። ትርፋቸው ከቡናው ብቻ አልነበረም፤ ገበሬው ካላወቀው ነገርም ነበር። ይህን ስሰማ ስለ ፕሬስ ነጻነት በስብሰባ አዳራሽ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ ይበልጥ ገባኝ። ዜና የሚቀርበት ሰው ገንዘቡም ይቀርበታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከገንዘብ የበለጠ ነገር።

የበለጠውን ነገር ቴፒ ታውቀዋለች። መጋቢት 1994 ዓ.ም. በየኪ ወረዳ የአስተዳደር ጥያቄ ሳቢያ በቴፒና በዙሪያዋ ብዙ ሰው ያለቀበት ግጭት ተነሣ፤ የሟቾቹ ቁጥር እስካሁን ያከራክራል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ ስለ ጉዳዩ ዘገባ አወጣ፤ የግል ጋዜጦችም ጻፉ። የቴፒ ሰው ስለ ራሱ ቀዬ የተጻፈውን ያነበበው ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ታትሞ በተመለሰለት ወረቀት ላይ ነው። መምህሩ የዚያን ጊዜውን ነገር ሲያነሡ ድምፃቸው ይቀንሳል። «የሞተውን እኛ ቀበርን፤ መሞቱን የመሰከረልን ግን ጋዜጣ ነው» ይላሉ።

> «የሞተውን እኛ ቀበርን፤ መሞቱን የመሰከረልን ግን ጋዜጣ ነው።»

አሳታሚ ማነው?

በአገራችን ጋዜጣ ከአጼ ምኒልክ ዘመኑ «አእምሮ» ጀምሮ አብዛኛውን ዕድሜውን የኖረው በመንግሥት እጅ ነው። ደርግ ሲወድቅ ቅድመ ምርመራም ወደቀ። ጥቅምት 1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን ከልክሎ ማንኛውም ዜጋ ጋዜጣ እንዲያሳትም ፈቀደ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ይህንኑ አጸና። ጋዜጣና መጽሔት እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈላ። ጥሩውም ጥሩ ያልሆነውም አብሮ ወጣ፤ የተጋነነ ወሬ፣ የስም ማጥፋትም ነበረበት። ለዚህ መልሱ የበለጠ ሥልጠናና የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት ነበር። የተሰጠው መልስ ግን በአብዛኛው እስር ቤት ሆነ።

ጸሐፊው ጽሑፉን አስረክቦ ቤቱ ይገባል። የአሳታሚው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ለማተሚያ ቤት አስቀድሞ ይከፍላል። የቢሮ ኪራይ፣ የጋዜጠኛ ደመወዝ፣ የወረቀት ዋጋ ሲንር የሚመጣው ጭማሪ ሁሉ የእርሱ ነው። ለአከፋፋይ በዱቤ ይሰጣል፤ ያልተሸጠው ተመላሽ ሆኖ ቢሮው ውስጥ ይከመራል። ማስታወቂያ የሚሰጠው ነጋዴ ባለሥልጣን እንዳይቀየመው ሲፈራ አሳታሚው ከአዟሪው እጅ በሚመጣው ሳንቲም ብቻ መኖር አለበት። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ፈቃዱ በስሙ ነው፤ ክሱም እንዲሁ። ብዕር ስም ጸሐፊን ሊሸሽግ ይችላል። አሳታሚን የሚሸሽግ ነገር የለም።

ሰርካለም ፋሲል ይህን ሥራ የመረጠች ሴት ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በባለቤቷ በእስክንድር ነጋ በኩል ነው፤ ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም። እስክንድር አሜሪካ ተምሮ ደርግ በወደቀበት ጊዜ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1985 ዓ.ም. «ኢትዮጲስ» የተባለችውን ጋዜጣ መሠረተ። ጋዜጣዋ ብዙ ሳትቆይ ተዘጋች፤ እርሱም መታሰርና መፈታት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ከወጡት «አስኳል»፣ «ሚኒሊክ» እና «ሳተናው» ከተባሉት ሦስት ጋዜጦች ጀርባ ግን ሰርካለም ነበረች። እርሱ ሲጽፍ እርሷ ጋዜጣውን ታቆማለች። መምህሩ ያቆዩልኝ ወረቀት ላይ በትንሽ ፊደል የቀረው ይህ ነው።

ምርጫው፣ እስሩ፣ ልደቱ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አገሪቱ ድምፅ ስትሰጥ የግል ጋዜጦች እንደዚያ ጊዜ ተነበው አያውቁም። በሚዛንም ጋዜጣ አውቶቡስ መናኸሪያ ላይ ከመድረሱ በፊት የሚጠብቀው ሰው ነበር። ውጤቱ ሲያከራክርና በአዲስ አበባ ደም ሲፈስ መንግሥት ወደ ፕሬሱ ዞረ። ከጥቅምት 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተቃዋሚው ቅንጅት መሪዎችና ብዙ ጋዜጠኞች ታሰሩ፤ ክሱ ሕገ መንግሥቱን መናድን ጨምሮ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ነበር። ሰርካለምና እስክንድርም ተያዙ። ስትያዝ ነፍሰ ጡር ነበረች።

በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ፣ እስረኛ ሆና ሳለ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ ጊዜው ሳይደርስ፣ ክብደቱ አንሶ ነበር የተወለደው። በእኛ ባህል አራስ ቤት ገንፎ የሚገነፋበት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚባልበት፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ የሚያድርበት ቤት ነው። አራስ ሴት ከቤት ውጪ ብቻዋን አትተውም። ሰርካለም የታረሰችው በዘብ ተጠብቃ ነው። ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ ይህን የጋዜጣ ታሪክ ለሚዛን እናቶች ስነግራቸው ስለ ሳንሱርም ስለ ሕገ መንግሥትም አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ማን አጠባት ብለው ነው።

ሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታት። እስክንድርም ከወራት በኋላ ወጣ። ሰዎቹ ቢፈቱም ጋዜጦቹ አልተፈቱም። የአሳታሚ ድርጅቱ ራሱ ተከሳሽ ነበርና 120,000 ብር ተቀጣ። በ2007 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሴቶች ሚዲያ ፋውንዴሽን ለሰርካለም የጋዜጠኝነት የጀግንነት ሽልማቱን ሰጣት።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሰውን አስሮ መፍታት ዜና ይሆናል፤ ዓለም ይጮኻል፤ ኤምባሲ መግለጫ ያወጣል። ፈቃድ መከልከል ግን ጩኸት የለውም። በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ከእስር ከወጡት ጋዜጠኞች መካከል ጥቂቶቹ አዲስ ጋዜጣ ለማውጣት ጠየቁ። «አውራምባ ታይምስ» እና «ሐራምቤ» ተፈቀዱ። ሰርካለምና እስክንድር ግን ተከለከሉ። ለእኔ ከእስሩ ሁሉ ይልቅ የዚህ ዘመን ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ልምድ ያላት አሳታሚ አቅሟና ፍላጎቷ ሳለ ማሳተም እንዳትችል ተደረገች።

> ሰውን አስሮ መፍታት ዜና ይሆናል። ፈቃድ መከልከል ግን ጩኸት የለውም።

ወረቀት ሲነፈግ

ጋዜጣ የተነፈገው እስክንድር በኢንተርኔት መጻፍ ያዘ። ያኔ በሚዛንና በቴፒ ኢንተርኔት ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ዋሽንግተን ሲነበብ ሚዛን ላይ አይነበብም ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የጸረ ሽብርተኝነት አዋጅ ጋዜጠኛን ማሰሪያ እየሆነ መምጣቱን፣ ታዋቂው ተዋናይ ደበበ እሸቱ መታሰሩንም ነቅፎ ጻፈ። መስከረም 3 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ በሄደበት ተያዘ። እናቱ በእስር ሳለች የተወለደው ያ ልጅ ነው አባቱ ሲያዝ የነበረው። ሐምሌ 6 ቀን 2004 ዓ.ም. የ18 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በዚያው ዓመት በደቡብ ምዕራቡ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ከሚዛን ብዙ በማይርቀው በጉራፈርዳ ወረዳ ሰፍረው የኖሩ ገበሬዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ፤ ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ደረሰ። የቀሩት ጥቂት የግል ጋዜጦች ጻፉበት። ለማተም ግን ሌላ በር መጣ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሕግ ይጥሳል ብሎ ያመነውን ጽሑፍ አላትምም እንዲል የሚያስችለውን ውል ለአሳታሚዎች አቀረበ። ሳንሱር በአዋጅ ከወጣ በኋላ በማተሚያ ቤት ውል ተመልሶ ገባ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሕመም የጻፈው «ፍትሕ» ጋዜጣ 30,000 ቅጂው ከማተሚያ ቤቱ እንዳይወጣ ታገደ። ያን ሳምንት ሚዛን ላይ ጋዜጣ የጠበቀ ሰው ለምን እንደቀረ የነገረው አልነበረም።

ሰርካለም ባሏ ከታሰረ በኋላ ልጇን ይዛ ወደ አሜሪካ ተሰደደች። በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ፔን የተባለው የደራስያን ማኅበር ለእስክንድር የሰጠውን ሽልማት የተቀበለችው እርሷ ናት። ከሁለት ዓመት በኋላ የዓለም ጋዜጦች ማኅበር የነጻነት ወርቃማ ብዕሩን ለእስክንድር ሲሸልም ደግሞ ጣሊያን ውስጥ በስሙ የተቀበለው ቃሊቲ አብሮት ታስሮ የነበረው ስዊድናዊው ጋዜጠኛ ማርቲን ሺቢየ ነው።

የካቲት 2010 ዓ.ም. እስክንድርና ሌሎች እስረኞች እንደሚፈቱ ተነገረ። ከመውጣቱ በፊት ግንቦት 7 የተባለው የተቃዋሚ ድርጅት አባል ነበርኩ የሚል ወረቀት ፈርም ተባለ። እምቢ አለ። በሩ ክፍት ሆኖ እያየው፣ ስድስት ዓመት ከቆየበት ቦታ ወጥቶ ልጁን ለማየት ፊርማ ብቻ ሲቀረው፣ ያልጻፍኩትን አልፈርምም ብሎ ተቀመጠ። የካቲት 7 ሳይፈርም ፈቱት። ለእኔ ከተሸለማቸው ሽልማቶች ሁሉ ይህች ቀን ትበልጣለች፤ ለጋዜጠኛ ስሙን የት እንደሚያኖርና የት እንደማያኖር ማወቅ ሥራው ነውና።

እስክንድር ከዚያ በኋላ ወደ ፖለቲካ ገባ፤ ባልደራስ የተባለውን ፓርቲ መሠረተ፣ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ዳግም ታስሮ በ2014 የገና ዕለት ተፈታ፤ በኋላም የትጥቅ ትግልን መረጠ። በዚህ መንገዱ ላይ አንባቢው የየራሱ አቋም ይኖረዋል። እኔም መሣሪያ ለጋዜጣ ምትክ ይሆናል ብዬ አላምንም። ያ ግን በግርጌው ላይ የተጻፈችውን ሴት ሥራ አይሰርዘውም።

አሁን ሚዛን ላይ

ዛሬ ከቤንች ሸኮም፣ ከሸካም፣ ከካፋም የሚመጣ ሰው ዜናውን የሚያገኘው በስልኩ ነው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከመቀመጫዎቹ መካከል ቦንጋን፣ ሚዛን አማንንና ቴፒን ይዟል። የሬዲዮ ጣቢያ በየቋንቋው ያወራል፤ ይህ መልካም ነገር ነው። ቤንችኛና ካፍኛ ሬዲዮ ላይ ሲሰማ ያደገ ልጅ ቋንቋውን አያፍርበትም። የግል ጋዜጣ ግን ከአውቶቡሱ ወርዷል። የወረቀት ዋጋ ሰማይ ነክቷል፤ ብዙ አሳታሚ ሥራውን ትቷል። የ2013ቱ አዲስ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ከቀድሞዎቹ የተሻለ አንቀጾች አሉት፤ ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ የዓለም የፕሬስ ነጻነት ቀንን ስታስተናግድም ተስፋው ትልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጋዜጠኞች ዳግም ታስረዋል፤ ብዙዎችም ተሰደዋል።

በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያገኘኋቸው ወጣቶች የእስክንድርን ስም ያውቃሉ፤ አንዱ ያመሰግነዋል፣ ሌላው ይነቅፈዋል። ስለ ሰርካለም ስጠይቃቸው ግን ዝም አሉ። ጋዜጣን በስም የማያውቁ ልጆች ናቸው፤ አሳታሚ የሚባል ነገር እንዳለም አያስቡም። ስልክ ላይ የሚያነቡት ጽሑፍ ግርጌ የለውም። ማን እንደጻፈው፣ ማን እንደከፈለበት፣ ሐሰት ቢሆን ማን እንደሚጠየቅበት አይታወቅም። አንድ የታክሲ ሾፌር ስለ አካባቢው ግጭት በስልኩ የደረሰውን ፎቶግራፍ አሳየኝ፤ ከየት እንደመጣ ስጠይቀው «ሰው ላከልኝ» አለ። ሌላ መልስ የለውም።

መምህሩ ወረቀቱን መልሰው ጠቀለሉት። የቡናው ጨሞ ቀርቦ ነበር፤ በቅመም የፈላው የቡና ቅጠል ሽታ ከቆዩት ጋዜጦች ሽታ ጋር ተቀላቀለ። ከእሳቸው በኋላ ማን እንደሚያስቀምጠው ጠየቅኋቸው። ልጆቻቸው ሁሉ አዲስ አበባና ውጭ አገር ናቸው። «ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ይሄዳል» አሉኝ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሚዛንም ሆነ በቴፒ፣ በቦንጋም ሆነ በማሻ፣ ቆጥ ላይ ወይም አልጋ ሥር የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ጋዜጦች ካሉዎት ለእሳት ማቀጣጠያ አይስጧቸው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ወይም ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ይውሰዷቸው። ሲያስረክቡም የመጨረሻው ገጽ እንዳይቀደድ አደራ።